ከጃፓን ያመጣሁት ሆላንድ

ሰነፍ ሰው ሩቅ አይደርስም የሚል ካለ እኔን ያነጋግረኝ። ከፍራንክፈርት ጃፓን ድረስ የላከኝ ስንፍናዬ ነው። ጉብዝናዬማ ከባንሆፍ፣ ከባቡር ጣቢያው ማለቴ ነው፣ አሳልፎኝ አያውቅም።

ጊዜው ፈረንጆች ዘጠናዎቹ በሚሏቸው ዓመታት መካከል ነው። የጃፓኖች ንብረት በሆነ አንድ የፎቶኮፒ ማሽን መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሻጊ ነበርኩ። ጃፓኖች አንድ ልማድ አላቸው፤ ሥራ የሚያሻሽል ሐሳብ የመጣለት ሠራተኛ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ይከትታል። የኛ መጋዘን ሰዎች ሣጥኑ ውስጥ የሚከቱት የማስቲካ ወረቀት ነበር። እኔ ግን ከማሸጊያው ጠረጴዛ እስከ ካርቶን መጣያው በቀን መቶ ጊዜ መመላለስ ስላንገሸገሸኝ፣ “መጣያውን ጠረጴዛው ሥር አምጡልኝ” ብዬ ጻፍኩና ከተትኩ። ልመና ነበር እንጂ ሐሳብ አልነበረም። እነሱ ግን ሰዓት የያዘ ሰው ልከው እርምጃዬን አስቆጠሩ፣ ጠረጴዛውን አስለኩ፣ መጣያውን አስጠጉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሼፌ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ ጠራኝና የዓመቱ ምርጥ ሐሳብ የኔ መሆኑን ነገረኝ። ሽልማቱ ጃፓን ያለውን ዋናውን ፋብሪካ ሄዶ መጎብኘት ነው። ከመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ ብዙ የሚለፋው ማቲያስ የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ያን ቀን አላናገረኝም።

ይህ የመጣው ደግሞ ሳባን ላገባ ሽማግሌ ልልክ ደፋ ቀና በምልበት ሰሞን ነው። ሳባ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ በሕፃንነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ በአማርኛ ጀምራ በጀርመንኛ የምትጨርስ። አባቷ አቦይ ተኽለ አሥመራ ውስጥ አማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ሆነው ኖረው፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ሪደርቫልድ የሚባል ሰፈር ተቀምጠዋል። እሳቸው አጥባቂ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። መጀመሪያ ሳባ ስታስተዋውቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

“ስማ ወደይ፣” ልጄ ማለታቸው ነው፣ “ሃይማኖትህ ከኔ ጋር አይገጥምም። ግን ጴንጤ አይዋሽም ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ሌላው ሁሉ ይቻለኛል፣ ውሸት አልችልም። የዋሸኸኝ ዕለት ይህን በር እርሳው።”

እንግዲህ ባልነቴ የቆመው በዚች አንዲት ምሰሶ ላይ ነበር። ገንዘብ የለኝ፣ መልክ የለኝ፤ ያለኝ አለመዋሸት ብቻ ነው። ደግነቱ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ለውሸትም ትጋት ያስፈልጋል።

ጃፓን አምስት ቀን ሙሉ የዋልኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ካሜራዬን በር ላይ ተቀብለው ቁጥር ሰጡኝ። ያስተናገዱኝ አቶ ኦካዳ የሚባሉ የፋብሪካው ሰው ነበሩ፤ እጅ ሲነሱ እኔም እነሳለሁ፣ እኔ ስነሳ እሳቸው ይደግማሉ፣ በየቀኑ ጠዋት ጨዋነታችን አልቆ ወደ ሥራ እስክንገባ ሩብ ሰዓት ይፈጅብናል። በአምስተኛው ቀን ማታ ፊቴን ትክ ብለው አዩና በዚያች ከኔ በማትሻል እንግሊዝኛቸው፣ “አዝነሃል። አገርህ ናፍቆሃል” አሉኝ። የናፈቀኝስ የበሰለ ዓሣ ነበር፤ ግን በይሉኝታ አንገቴን ደፋሁ። “ነገ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ አገርህን አሳይሃለሁ” አሉ።

ጃፓን ውስጥ አገሬን ከየት ያመጡት ይሆን እያልኩ አደርኩ። በማግስቱ በመኪናቸው ረጅም መንገድ ነዱና ባሕር ዳር አወረዱኝ። ቀና ስል የነፋስ ወፍጮ። ዞር ስል የውሃ ቦይ፣ ግራና ቀኙ ቀይ የሸክላ ጡብ ቤት፣ ባለ ሰዓት ማማ፣ ወሩ ሚያዝያ ስለነበር ደግሞ እስከ ዓይን ማረፊያ ቱሊፕ፣ ቀዩ፣ ብጫው፣ ወይን ጠጁ። ከሆላንድ አንድ ወረዳ ከነአፈሩ ነቅለው እዚያ የተከሉት ነው የሚመስለው። ጃፓኖች አውሮፓ ድረስ መሄድ የማይመቻቸው እንደሆነ ወደዚህ እየመጡ ይዝናኑበታል፣ ያድሩበታል። አቶ ኦካዳ እጃቸውን ዘርግተው፣ “እንኳን ወደ ቤትህ በደህና መጣህ!” አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም፤ ከአውሮፓ የመጣ ሁሉ ለእሳቸው የአንድ አገር ሰው ነው። ማቲያስም ናይሮቢ ያለ የአክስቱን ልጅ አውቀው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

ችግሩ ሆላንድን እኔ ራሴ አይቻት አለማወቄ ነው። አሁን አንባቢዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ሰውየው የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው፣ መግቢያ ከፍለው፣ በደስታ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ “ተሳስተዋል፣ እኔ የሐረር ልጅ ነኝ” ትላለህ? እኔ ይሉኝታ የገደለኝ ሰው ነኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ “የእናቴን ቤት መሰለኝ” አልኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ! አይቡን አስቀምሰው “እንደዚህ ነው?” ሲሉኝ፣ “ቁርጥ ይሄው” አልኩ። ጡቡን አሳይተው ሲጠይቁኝ ጡቡን መረቅሁላቸው። የእንጨት ጫማ ታደርጋላችሁ ወይ ሲሉኝ፣ “በበዓል ቀን ብቻ” አልኳቸው። ባለ ሠላሳ ስድስቷን ፊልም ያነሱልኝም እሳቸው ናቸው፤ በጥንቃቄያቸው ነው የገደሉኝ። ጃፓናዊ ሲያልፍ ካሜራውን ዝቅ አድርገው፣ እጅ ነስተው፣ አልፎ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። በጃፓንኛ የተጻፈ ምልክት ካለ እኔን ፊቱ አቁመው ይሸፍኑታል። “ለቤተሰብህ አውሮፓው ብቻ እንዲታይ ነው” ይላሉ። በመጨረሻም ነጭ ቆብ ያደረገች፣ ከሆላንድ ተቀጥራ የመጣች አንዲት ወርቃማ ፀጉር ልጃገረድ ጠሩና፣ “የአገርህ ልጅ ናት” ብለው ክንዷን ከክንዴ አያያዙልን። እሷም ፈገግ፣ እኔም ፈገግ። ስንሰናበት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ድብልብል ያለ አይብ አሸከሙኝ። ለአማቴ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

ፍራንክፈርት በገባሁ በሦስተኛው ቀን የጉዞ ሰነዴ ጊዜው ስላለቀ አውስሌንደርአምት በሚባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረኝ። የጃፓን ቪዛና ማህተም ያለበትን አሮጌውን ወስደው አስቀሩና አዲስ ሰጡኝ፤ እንደ ሕፃን ልብ ንጹሕ፣ አንዲት ማህተም ያልነካችው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሮደልሃይም ሰፈር ተከራይተን በምናመልክበት አዳራሽ ለምስክርነት ተነሣሁ። ከመሄዴ በፊት ጉባኤው እጁን ጭኖ ጸልዮልኝ ስለነበር መመስከር ዕዳ ነበረብኝ። እግዚአብሔር እንዴት ሰላም አድርሶ እንደመለሰኝ ተናገርኩና ፎቶዎቹን ወደ መጀመሪያው ረድፍ አቀበልኩ። የመጀመሪያው ረድፍ “አሜን” አለ። ሁለተኛው ረድፍ ዝም አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሹክሹክታ ተጀመረ። ቆብ ያደረገችው ልጅ አራተኛው ረድፍ ስትደርስ አንዲት እኅት “በኢየሱስ ስም!” ስትል ሰማኋት።

ስንወጣ አንዱ ወንድም ትከሻዬን ይዞ፣ “ወንድሜ፣ አምስተርዳም እኮ በባቡር የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት። ሰው ይደክማል፤ ጌታ ይቅር ይላል” አለኝ። ጃፓን ነበርኩ ብል፣ “እሺ፣ እሺ” እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ኤስባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ከሮደልሃይም ሳይነሣ ወሬው ሪደርቫልድ ደርሶ ነበር።

ሳባ ሰኞ ዕለት ከሥራ ስትወጣ ጠበቅኳት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይታ ጨረሰች።

“እኔ አምንሃለሁ” አለች፤ “አበር ዳስ ኢስት ዶኽ ሆላንድ! ይህ እኮ ሆላንድ ነው!”

“ጃፓን ነው ሳቢ፤ ሠርተውት ነው።”

“ኢርገንድአይነን ቴምፕል! አንድ ቤተ መቅደስ፣ አንድ ኪሞኖ! ዘክስኡንድድራይሲሽ፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት ማግኘት አቃተህ? ይህቺስ ማን ናት?”

“ሠራተኛ ናት። ቅጥር ናት።”

“ፓፓ ፊት ይህን እንዳትለው” አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ቀድሞ ቀጠሮ ስለተያዘላቸው ቅዳሜ መሄዳቸው አልቀረም። ከኔ ወገን ከጉባኤያችን ጋሽ ተሰማ፣ ከአቦይ ተኽለ ወገን ደግሞ የሃያ ዓመት ጎረቤታቸውና ወዳጃቸው አቶ ኢድሪስ ነበሩ። በደንቡ እኔ እዚያ ቤት ድርሽ ማለት የለብኝም፤ ሽማግሌ የሚላከው ጠያቂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እንዲበላ ነው። አቦይ ተኽለ ግን፣ “ራሱ ይምጣና ይናገር” ብለው በስልክ አስጠሩኝ። ስገባ ሳባ ጋ የቀሩት ሠላሳ ስድስቱ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ መሐል ላይ ቀድሜ የላክሁት አይብ ቁጭ ብሏል። ማንም አልቆረሰውም።

“ይህ የት ነው?” አሉ አቦይ ተኽለ፣ ወፍጮው ላይ ጣታቸውን አድርገው።

“ጃፓን ነው አቦይ።”

“ይህስ አይብ?”

“እሱም ከጃፓን ነው።”

ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አዲሱን የጉዞ ሰነዴን አውጥቼ ሰጠሁ፤ አቦይ ተኽለ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገለጡት፣ ባዶ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ፋብሪካው የሰጠኝን በጃፓንኛ የተጻፈ የምስክር ወረቀት አወጣሁ። አቶ ኢድሪስ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱት።

“ባንሆፍ አጠገብ ያለው የቻይና ምግብ ቤት ዝርዝሩ እንዲህ ነው የሚጻፈው” አሉ። “ሩዝ በዶሮ ይመስለኛል።”

አንዱ ፎቶ ዳር ላይ፣ አቶ ኦካዳ ያመለጣቸው አንድ ጃፓናዊ ግማሽ ፊቱ ይታይ ነበር። እንደ ሰመጠ ሰው ያዝኩት። “ይኸው! ይህ ሰውዬ ማነው?”

“ጃፓናዊ ነው” አሉ አቦይ ተኽለ። “ሮመርበርግ አደባባይ ላይ በየቀኑ አርባ አያለሁ፣ ካሜራ አንጠልጥለው። ስለዚህ ሮመርበርግ ጃፓን ነው?” ቀጠሉና ባለ ቆቧን ልጅ አነሡ። “ይህችስ ምንህ ናት?”

የሳባን ምክር ረሳሁት። “ምንም አይደለችም አቦይ፤ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረች ናት።”

ጋሽ ተሰማ “ጌታ ሆይ” አሉ። አቶ ኢድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሳባ ግንባሯን ስትመታ ተሰማኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ይቅርታ ጠይቀው ኮሪደር ላይ አወጡኝ። “ልጄ” አሉኝ ጋሽ ተሰማ በለሆሳስ፣ “ሆላንድ ነበርኩ በልና ይቅርታ ጠይቅ፤ እግራቸው ላይ ትወድቃለህ፣ ነገሩ ያልቃል።”

“ጋሼ፣ እውነቱን ነው የምናገረው! ጃፓን ነበርኩ!”

“ይሁን፤ ጃፓንም ሁን። ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተሳሳተ ሰው ነው” አሉ አቶ ኢድሪስ። “ጥፋት የሌለበትን ሰው በምን በኩል ገብተን እናስታርቀው? ትንሽ ጥፋት ስጠን እንጂ!”

አሰብኩ። በእውነቴ ከጸናሁ ሳባን አጣለሁ፤ ከዋሸሁ እንደ እውነተኛ እቆጠራለሁ። ይህን የመሰለ ቀንበር በማን ላይ ተጭኖ ያውቃል? ልቤ እየደማ ገባሁና አቦይ ተኽለ እግር ላይ ወድቄ፣ “ሆላንድ ነበርኩ አቦይ። ዋሽቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

አቦይ ተኽለ አነሡኝ። ፊታቸው ፈካ። “ጎበዝ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ እውነቱን ተናግሮ ይወጣዋል” አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመራረቁ። ጋሽ ተሰማ እንዲያውም እንባ ቢጤ አውጥተዋል። አልቆልኛል ብዬ እፎይ ስል አቦይ ተኽለ እጃቸውን አነሡ።

“አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። የዋሸኸኝን ቦታ በእግሬ ረግጬ፣ በዓይኔ አይቼ ነው ልጄን የምሰጥህ። የሚመጣው ቅዳሜ ሁለታችን እንሄዳለን። አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ።”

ሳባ ለመንገድ ዳቦ ስትቋጥር ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ “ሽታትፕላን ግዛ፣ ቢተ!” አለችኝ። የከተማ ካርታ ግዛ፣ እባክህ ማለቷ ነው። አልገዛሁም። ሰው የሚያውቀው ከተማ ውስጥ ካርታ ይዞ ሲዞር እንዴት ይሆናል?

እናም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስተርዳም የገባሁት አስጎብኚ ሆኜ ነው። ከባቡሩ ወርደን ልበ ሙሉ መስዬ ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ የብስክሌት ማቆሚያ ነበር። “ወደ ቀኝ ነው፤ አድሰውታል” አልኩ። አቦይ ተኽለ ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው፣ ፎቶዎቹን በፖስታ ይዘው ይከተሉኛል። አንድ ቦይ አለፍን፣ ሁለተኛ አለፍን፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው አልለይ አለኝ። በአንድ ጠባብ መንገድ ስገባ መስኮት ውስጥ የቆመች ዕርቃኗን የቀረች ሴት እጇን አወዛወዘችልኝ። አቦይ ተኽለ ቀና ብለው አዩዋትና ወደኔ ዞሩ። “ታውቅሃለች?” አሉኝ። “ኧረ አታውቀኝም!” ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው እየሮጡ ተከተሉኝ።

ወፍጮውን የጠየቅኩት ፖሊስ ከከተማው ወጥቼ ሌላ ባቡር እንድይዝ ነገረኝ። “ወፍጮው ለጊዜው ተነሥቷል” ብዬ ተረጎምኩ። ማማው የታለ ሲሉኝ ጭጋግ ጋርዶታል አልኩ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። አንዴ መዋሸት ከጀመሩ ወዲህ ውሸት አድካሚ ሥራ መሆኑን አየሁ፤ መጋዘኑ ይሻለኛል። በመጨረሻ አቦይ ተኽለ ደክሟቸው ቦይ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፎቶዎቹን አወጡና አንዱን ቤት ከፎቶው ጋር፣ ፎቶውን ከቤቱ ጋር ማስተያየት ጀመሩ።

“ና እስቲ” አሉኝ። “ይህን ቤት እየው። ጎኑ ዘሟል፣ አይደል? ያኛውም ወደ ፊት አዘንብሏል። የዚህ ከተማ ቤት ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነው የቆመው፤ መሠረቱ ውሃ ላይ ነው። አሁን ፎቶህን እየው። አንዱም ቤት አልዘመመም። ሁሉም በቱምቢ የተለካ ነው። ሲሚንቶው ጡቡ መሐል ገና ነጭ ነው፣ አንድ ክረምት በደንብ አልመታውም። አርባ ዓመት ጡብ የደረደርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ግንብ አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ የለም።”

“አንተ እዚህ አልነበርክም” አሉ።

“አዎ አቦይ። አልነበርኩም።”

“ታዲያ የት ነበርክ?”

ዓይኔን ጨፈንኩ። “ጃፓን።”

አንድ ጀልባ አለፈ። አቦይ ተኽለ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። “አዎ፤ ጃፓኖች ናቸው እንዲህ አድርገው የሚለኩት” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረው ተቆጡ። “ታዲያ ሽማግሌ ፊት ለምን ዋሸህ?”

“እውነቱን ተናገር ስላሉኝ ነው።”

መጀመሪያ ምርኩዛቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው። ያመማቸው መስሎኝ ላነሣቸው ስል እንባቸው በጉንጫቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። የሆላንድ ሰዎች እያዩን ያልፋሉ። ሲበቃቸው መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉና እንደገና ኮስተር አሉ።

“በደልኩህ ወደይ። እውነት የተናገረን ሰው እግሬ ላይ ጣልኩ” አሉ። እኔም እጃቸውን ሳምኩ።

“እንግዲህ ለሽማግሌዎቹ እንንገራቸዋ፣ ስሜም ይጥራ” አልኩ።

አቦይ ተኽለ ፎቶዎቹን እየቆጠሩ ወደ ፖስታው ከተቱ።

“ኢድሪስ ቀልድ አያውቅም። ተሰማም አስታርቄያለሁ ብሎ አገር ለአገር አውርቷል” አሉ። “ያስታረቁት ነገር አልነበረም ብንላቸው ይቀየማሉ። ሽማግሌ የተቀየመበት ጋብቻ ደግሞ አይበጅም። ቦታውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው እላቸዋለሁ።”

“አቦይ! እሱ እኮ ውሸት ነው!”

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ግራ ቀኙን አዩ።

“ልጄን ትፈልጋለህ፣ አትፈልግም?”

“እፈልጋለሁ።”

“እንግዲያው ሆላንድ ነበርክ።”